የአንገት እብጠት የክኒን ጉዳይ አይደለም



በዚህ እትም ላነሳላችሁ የወደድኩት ሕመም ሲጀምር ቀላል የሚመስል፣ ካልታወቀበት ግን ሰው የሚያሳጣ ነው። የጥርስ፣ የድድ ወይም የጉሮሮ ቁስል መግል ይቋጥርና ወደ አንገት ይወርዳል፤ ከአንገት ደግሞ ልብና ሳንባ ወዳሉበት ወደ ደረት ውስጥ ይገባል። እዚያ ከደረሰ የጥርስ ሕመም መሆኑ ቀርቶ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል። አስተያየቴን ከመጀመሪያው ልናገርና፣ አገጭ ሥርን ወይም አንገትን የሚያሳብጥ ሕመም በመድኃኒት ቤት መስኮት የሚሸጥ መድኃኒት የለውም። ይህን የምለው መድኃኒት ሸጬ የማድር ሰው ሆኜ ነው።

በገበያ ቀን ከገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ ወንድሞችና እህቶች ጉንጫቸውን በሻሽ ወይም በነጠላ አስረው መስኮቱ ላይ ይቆማሉ። "እህቴ፣ ያችን ለጥርስ የምትሆነዋን ስጭኝ" ይላሉ። አንዳንዱ ለጎረቤቱ ታዞ የነበረውን የክኒን ልጣጭ ይዞ ይመጣና "የዚህን ዓይነት" ይላል። አራት ፍሬ ብቻ የሚጠይቅም አለ። ማዘዣ ስጠይቀው ቅር ይለዋል፤ ጤና ጣቢያ ሂድ ስለው ደግሞ "ለጥርስ ብዬ?" ብሎ ወደ ቀጣዩ መድኃኒት ቤት ያልፋል። እዚያም ያገኛል። በሕጉ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ የለበትም፤ ሕጉ እንዴት እየተሠራበት እንደሆነ ግን እናንተም እኔም እናውቃለን። በሙያ ጓደኞቼ ላይ ፈርጄ ለማለፍ አይደለም። ገዢው ባይጠይቅ ሻጩ አይሸጥም፤ ስለዚህ ዛሬ ወቀሳዬን ትቼ ለገዢው ምክንያቱን ማስረዳት መረጥኩ።

አንገታችን ከውጭ ሲታይ አንድ ወጥ ሥጋ ይመስላል። ውስጡ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስስ ሽፋኖች የተነባበረ ነው፤ በሽፋኖቹ መካከልም መተላለፊያዎች አሉ። ከጉሮሮ ጀርባ ያለው መተላለፊያ ያለ ምንም ከልካይ ወደ ደረት ይወርዳል። የቆጋን መስኖ የምታውቁ የመራዊ ሰዎች ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። ውሃው ከግድቡ ተለቆ ቦዩን ካገኘ ማንም ሳይገፋው ቁልቁል ይሄዳል። መግልም እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ አየር ወደ ውስጥ በሳብን ቁጥር በደረታችን ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ መግሉን ወደ ታች ይስበዋል። ሱብሃነላህ፣ በሽተኛው የሚተነፍሰው ትንፋሽ ራሱ ሕመሙን ወደ ደረቱ ያወርድበታል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ጥርስ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ። የታችኛው መንጋጋ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥርሶች ሥራቸው ወደ ታች ጠልቆ የገባ ነው። ሲበሰብሱ መግላቸው አፍ ውስጥ ፈርጦ ከመውጣት ይልቅ ወደ ምላስ ሥርና ወደ አገጭ ሥር ይፈሳል። ያኔ አገጭ ሥር በሁለቱም ወገን እንደ እንጨት ይጠጥራል፤ ምላስም ወደ ላይ ተገፍቶ የአየር መንገዱን ይዘጋል። ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1836 ቪልሄልም ፍሬድሪሽ ፎን ሉድቪግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ጽፎ ስላሳወቀው በሕክምናው ዓለም እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ዘመን ከተያዙት ሰዎች ከግማሽ በላይ ይሞቱበት ነበር። በወቅቱ ሲታከም ግን ዛሬ የሚሞተው ከመቶ ከ10 ያነሰ ነው።

ወደ ደረት ከወረደ በኋላ ስላለው ደግሞ አንድ የቆየ ጽሑፍ ልጥቀስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1938 ሄርማን ፒርስ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም የአንገት መግል ወደ ደረታቸው የወረደባቸውን 110 ሕመምተኞች ታሪክ አሰባስቦ አወጣ። ቀዶ ሕክምና ካላገኙት ከ10 ሰው ከ8 በላይ ሞተዋል። ካገኙት ውስጥ የሞቱት ግን ከ3 ሰው አንድ ያህል ናቸው። ልብ በሉ፣ ያኔ ፔኒሲሊን ገና ለሕዝብ አልደረሰም ነበር። ያን ሁሉ ሰው ከሞት ያተረፈው መግሉ መውጫ ስለተበጀለት ነው። ዛሬም ቢሆን፣ የተሟላ መሣሪያ ባላቸው አገሮች ሳይቀር፣ ደረት ውስጥ ከገባ በኋላ ከመቶ ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት እንደሚሞቱ ነው የተለያዩ ጽሑፎች የሚያወጡት። እንግዲህ ብልሃቱ እዚያ ሳይደርስ መቅደም ነው።

ክኒኑ ለምን አይበቃም? መድኃኒት በደም ተጭኖ ነው የሚሄደው። የተቋጠረ መግል ውስጥ ደግሞ ደም አይገባም። ስለዚህ የዋጣችሁት አሞክሲሲሊን በመግሉ ዙሪያ ይዞራል እንጂ መሐሉ አይደርስም። ሁለተኛ፣ ከአፍ የሚነሳው ተሕዋስ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አየር የሚፈልጉም አየር የማይፈልጉም ጀርሞች ተደባልቀው ነው የሚያጠቁት። ሐኪም ሜትሮኒዳዞል የሚጨምረው አየር የማይፈልጉትን ለመምታት ነው፤ ሕመሙ ከበረታም ሁሉንም በደም ሥር ይሰጣል። (ሜትሮኒዳዞል ከአልኮል ጋር አይወሰድም የሚል ማስጠንቀቂያ አለው፤ የዚህ አምድ አንባቢዎችን ስለማይመለከት እዘለዋለሁ።)

ከክኒኑ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የማስታገሻው መርፌ ነው። ዲክሎፌናክ ወይም ዴክሳሜታዞን የተወጋ ሰው ትኩሳቱ ይበርድለታል፣ እብጠቱም ጎደል ይልለታል፤ "አልሐምዱሊላህ ተሻለኝ" ብሎ ወደ ቀበሌው ይመለሳል። ሕመሙ ግን ከሥር ሥራውን እየሠራ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የሚመለሰው ትንፋሽ አጥሮት ነው። ሐኪም መግሉን እየተከታተለ እነዚህን መድኃኒቶች ሊያዝ ይችላል፤ ያለ እርሱ ግን ምልክትን መሸፈን ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ለእብጠት ስም ሰጥቶ መቀመጥ የተለመደ ነው። "ምች ነው" ይባልና ዳማከሴ ይታሻል። "ጆሮ ደግፍ ነው" ይባላል። "ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል" ይባላል። ጆሮ ደግፍም ንፍፊትም በእርግጥ አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም በራሳቸው ይጠፋሉ። ልዩነቱን ግን ሽማግሌ በእጁ ዳስሶ አይለየውም። አፉን መክፈት ያቃተው፣ ጥርሱን ታሞ የሰነበተ አዋቂ ሰው ጆሮ ደግፍ ነው ተብሎ ቤት መቀመጥ የለበትም።

ስለ ሂጃማና ስለ ጥቁር አዝሙድም እጠየቃለሁ። ሁለቱንም አከብራለሁ፤ እናቴም ጥቁር አዝሙድ ከማር ጋር ለውሳ ሳትሰጠን ያለፈ ክረምት የለም። ለቀላል የጉሮሮ መከርከር ማር መልካም ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። የታመመና ያበጠ አንገት ላይ ግን መብጣት፣ ዋግምት መትከል ወይም በጋለ መርፌ መውጋት ፈጽሞ አይገባም። በአንገት ውስጥ ትልልቅ የደም ሥሮች ያልፋሉ፤ መግሉም ያለው ምላጭ ከሚደርስበት በታች ነው። ሩቅያም ዱዓም በመኪና ውስጥም በሆስፒታል አልጋ ላይም ይደረጋል፤ አንዱን ለማድረግ ሌላውን ማዘግየት አያስፈልግም። ታከሙ የሚለውን ትምህርት ሁላችንም መድረሳ ቁጭ ብለን የሰማነው ነው።

የሕፃናቱ ነገር ለብቻው ቢጻፍበት ይሻላል፤ ሳልነካው ግን ማለፍ አልቻልኩም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት እንጥል ማስቆረጥም ሆነ የወተት ጥርስ ማስነቀል ከመቶ ከ80 በላይ የተስፋፉ ሆነው ተገኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀንሷል፤ አልጠፋም። እናቶች፣ እንጥል መድማትና መመርቀዝ ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ባልጸዳ ምላጭ ወይም በጥፍር የተቧጠጠ ቶንሲል ጀርሙን ከጉሮሮው ጀርባ ወዳለው፣ አስቀድሜ ወደነገርኳችሁ መተላለፊያ ሊያስገባው ይችላል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ ያለ ማንም ቆራጭም ቢሆን ከጉንፋን በኋላ በዚያው ቦታ መግል ሊቋጥሩ ይችላሉ። ልጁ ጡት ወይም ምግብ እምቢ ካለ፣ ለሐጩ ከተዝረከረከ፣ አንገቱን ማዞር ከፈራና ትኩሳት ካለው "ግግ ነው" ብላችሁ ወደ ነቃይ አትውሰዱት።

እህቶች፣ አንድ ነገር ለእናንተ ለብቻ። የምንለብሰው ሂጃብ አንገታችንን ይሸፍናል። ይህ ክብራችን ነው። ነገር ግን አንገታችን ሲያብጥ ባልም፣ ልጅም፣ ጎረቤትም አያየውም። እኔ በመስኮት በኩል ፊት ብቻ ነው የማየው፤ የአገጭ ሥር እብጠት ተደብቆ ያልፈኛል። ስለዚህ ሴት ደንበኛ ጥርሴን አመመኝ ስትለኝ ወደ ውስጥ አስገብቼ ሻሿን እንድትገልጥልኝ እጠይቃለሁ፤ ሌሎች ሴት ባለሙያዎችም እንዲህ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። ቤት ውስጥ ያላችሁም ጥርስ የታመመች ልጅን ወይም አማትን "እስቲ አንገትሽን አሳይኝ" በሉ። ተረኛው ሐኪም ወንድ ነው ብሎ መዘግየትም አለ። ሴት ሐኪም ካለች እሰየው፤ ከሌለች ግን ለአስፈላጊ ሕክምና መገለጥን ዑለማዎቻችን እንደሚፈቅዱ ኢማማችሁን ጠይቁ። መልሱን ከአሁኑ ጠይቃችሁ ብትይዙት ይሻላል፤ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥር የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለምና።

አደጋውን እንዴት እንወቀው? አፍ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል እንኳ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተና ለሐጭ ከፈሰሰ፣ ድምፅ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰው ከታፈነ፣ ነገሩ ጥርስ ብቻ አይደለም። እብጠቱ ከጠጠረ፣ ቅላቱ ወደ አጥቅ አጥንት መውረድ ከጀመረ፣ ከቆዳው ሥር ሲጫኑት እንደ ጨው የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማ፣ በሽተኛው ሲውጥ ደረቱን ወይም ጀርባውን ከወጋው ደግሞ ሰዓት የሚቆጠርበት ነው። ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ለነገ አይባልም። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሲሆን ከእነዚህ ምልክቶች ግማሹን እንኳ ሳትጠብቁ ውሰዱት፤ የስኳር ሕመምተኛ መግልን የመቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ ነው፣ ትኩሳቱም ላይታወቅ ይችላል።

አሁን ስለ መንገዱ። ከገጠር በሽተኛ በቃሬዛ ሲመጣ በጀርባው አስተኝተው፣ ጋቢ ደራርበው ነው። ለዚህ ሕመም ይህ አደገኛ ነው። በጀርባ ሲተኛ ያበጠው ምላስ ወደ ኋላ ይወድቅና አየር ይዘጋል። ቁጭ ብሎ፣ ትንሽ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ሰው ከኋላው ደግፎት ይምጣ። በቃሬዛም ከሆነ ጀርባውን በትራስ ወይም በጆንያ ቀና አድርጉለት። አንገቱን በሻሽ አጥብቃችሁ አትሰሩ። መዋጥ ካቃተው ውሃም ማርም ዘይትም በግድ አታጠጡት፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ከመራዊ ባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም ሆስፒታሎች እዚያ ናቸው። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ሰው ግን ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይጠበቅበታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ደግሞ መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት ብዙ ሆነው ታይተዋል፤ ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ታዲያ "ሲቲ ስካን የሌለበት ሆስፒታል ምን ያደርግልኛል" ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ። በመራዊና በቡሬ ባሉት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎችም ሆነ በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መድኃኒቱን በደም ሥር መጀመር፣ ኦክስጅን መስጠት፣ የአንገቱን መግል ማውጣትና የበሰበሰውን ጥርስ ማንሳት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ባሕር ዳር የሚያስፈልገው መግሉ ደረት መግባቱን በሲቲ ስካን ለማየትና ደረትን ከፍቶ ለማጠብ ነው። መጀመሪያ ቅርብ ወዳለው ሂዱ፤ የሚቀጥለውን እነርሱ ይወስናሉ።

ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ቤተሰብ የሚደናገጥባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ አስቀድማችሁ ብታውቋቸው ይጠቅማል። አንደኛው የጉሮሮው ነው። ያበጠው መንገድ አየር ካላሳለፈ ሐኪሞቹ ከማንቁርት በታች ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው ቱቦ ያስገባሉ። "አረዱት እኮ!" ብሎ የሚጮህ ዘመድ አይጠፋም። ቱቦው ጊዜያዊ ነው፤ እብጠቱ ሲወርድ ይወጣል፣ ቀዳዳውም ይደፈናል፣ ድምፅም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ሁለተኛው የቀዶ ሕክምናው መደጋገም ነው። መግሉ አንዴ ታጥቦ ላያልቅ ይችላል፤ ዳግመኛ፣ ሦስተኛም መክፈት የተለመደ ነው። "ደግመው ሊቆርጡት ነው፣ በቃ ቤቱ ይሙት" ተብሎ መሐል ላይ የሚወጣ ሕመምተኛ ያስለቅሰኛል፤ ሊድን የተቃረበ ሰው ነዋ! ቁስሉን ዘግተው አለመስፋታቸውም ቸልተኝነት አይደለም፤ የቀረው እንዲፈስ ነው የተዉት።

አስታማሚዎች ደግሞ ምግቡን አደራ። ይህ ሕመም ሥጋ ይጨርሳል። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብ ከሆነ ሐኪሙ የፈቀደውን ብቻ፣ በተነገራችሁ መጠን ስጡ። መዋጥ ሲጀምር ወተት፣ የላላ አጥሚት፣ ሾርባ፣ በደንብ የተፈጨ ሽሮ፣ ለስለስ ያለ እንቁላል በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። "ሰውነቱ ያንሰራራል" ተብሎ የሚገዛው ለስላሳ መጠጥ ስኳር ብቻ ነው።

ስኳር ካነሳን አይቀር ወደ ሥሩ እንመለስ። የጥርስ መበስበስ ዋና ምግቡ ስኳር ነው። ሻያችንን በሦስት ማንኪያ እንጠጣለን፤ ጫት የሚቅሙ ወንድሞች ደግሞ ከሰዓቱን ሙሉ ስኳርና ለስላሳ ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ይውላሉ። ስለ ጫቱ ኡስታዞቻችን ይናገሩ፤ እኔ ስለ ጥርሱ ነው የምናገረው። ሲዋካችን በእጃችን ያለ ሀብት ነው፤ ግን የፊት ጥርስን ብቻ ፍቆ የኋላውን መተው ይበዛል። መዘዙ ያለው ከኋላ ነው። ነፍሰ ጡር ጥርሷን አትታከምም የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ ለሐኪሙ እርግዝናዋን ትንገረው፣ ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊንም አትውሰድ፤ የበሰበሰ ጥርስ ይዛ መክረሟ ግን ለእርሷም ለጽንሱም ያሰጋል።

ረመዳን ላይ የሚገጥመኝን ልጨምር። በቀን ሦስት ጊዜ የታዘዘን መድኃኒት በኢፍጣርና በሱሑር ብቻ የሚውጡ ብዙ ናቸው። ስምንት ሰዓት መጠበቅ ያለበትን መድኃኒት እንዲህ ማድረግ ጀርሙን ማለማመድ ነው። ለሐኪሙ "ጾመኛ ነኝ" በሉት፤ በቀን ሁለቴ የሚወሰድ አማራጭ ሊኖር ይችላል። ከሌለ ግን ለሕመምተኛ ጾምን ፈቶ በኋላ ቀዷ ማውጣት የተፈቀደ መሆኑን ከእኔ ይበልጥ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

በመጨረሻ የማነሳው ለመስጂድ ኮሚቴዎቻችን ነው። ከጁሙዓ በኋላ "ወንድማችን ባሕር ዳር፣ ከዚያም አዲስ አበባ ተልኳል" ተብሎ ምንጣፍ ላይ ገንዘብ ሲሰበሰብ አያለሁ፤ አላህ ይቀበላችሁ። የዚያ ገንዘብ ሩቡ ቀድሞ ቢወጣ ብዬ እመኛለሁ። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮ ከሰደቃው ይሸፈንላቸው። መስጂዱ በዓመት አንድ ቀን የጥርስ ባለሙያ ይጥራና የልጆቹንና የአዛውንቱን አፍ ያሳይ፤ የሚነቀለውም ያኔ ይነቀል። "ሳይታመም ለምን ገንዘብ እናወጣለን" የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። የአንድ ጥርስ ማስነቀያና የአንድ ወር የሆስፒታል አልጋ ስንት እንደሚያስወጣ ያስታመመ ሰው ይንገረው።

የመድን አባል የሆናችሁ ስትሄዱ ደብተራችሁንና የሪፈር ወረቀቱን አትርሱ፤ ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ ወጪውን ከኪሳችሁ ልትሸፍኑ ትችላላችሁ። ቤት ውስጥ በሽተኛው የወሰደውን ሁሉ፣ የክኒኑን ልጣጭም የመርፌውን ብልቃጥም ሰብስባችሁ ያዙ። ዳማከሴም ቢሆን የተጠቀማችሁትን ንገሩት፤ ሐኪሙ አይቆጣችሁም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ከሆነም ገና በር ላይ ተናገሩ።